ራም ቢጨመርለትም ያልፈጠነው ኮምፒውተር

በምሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ ማንም ሊያስወግደው ያልቻለ አንድ ዴስክቶፕ አለ። ፔንቲየም 4 ነው። ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሃርድ ዲስኩ 40 ጊጋባይት፣ የሚሠራውም በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ያልተወገደበት ምክንያት ቀላል ነው። አንድ የመለኪያ መሣሪያ የሚታዘዘው ውስጡ በተሰካ የፒሲአይ ካርድ በኩል ነው፤ ለካርዱ ደግሞ ከኤክስፒ በኋላ ለመጡት ዊንዶውሶች ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከዊንዶውሱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አልተሠራለትም። መሣሪያው ግን እስካሁን ልቅም አድርጎ ይለካል። ኮምፒውተሩን ጣልን ማለት ደህናውን መሣሪያ አብረን ጣልን ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ኮምፒውተር መንቀራፈፍ ጀመረ። ሲበራ ዊንዶውሱ እስኪገባ ድረስ ያታክታል። ልኬቱ አልቆ ፋይል ሲቀመጥ ማውሱ ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል። አንዳንዴ ጭራሽ መሣሪያው የሚልከውን መረጃ ኮምፒውተሩ በጊዜው ሳይቀበል ይቀርና ልኬቱ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ናሙናው እንደገና ከመጀመሪያው መዘጋጀት አለበት። እኔን ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው። መዘግየት ብቻ ቢሆን ሰው ይታገሣል፣ የተበላሸ ናሙና ግን የሰው ልፋት ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ራም ይጨመርለት ብሎ ከ256 ሜጋባይት ወደ 1 ጊጋባይት አሳደገው። ለውጥ የለም። ከዚያ በኋላ ነው ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው። መሣሪያውን ለዓመታት ያንቀሳቀሱት አንጋፋዋ ባለሙያችን ካሳውን ስከፍት አይተው፣ "ተወው ልጄ፣ አርጅቷል። ዕቃም እንደ ሰው ይደክማል" አሉኝ።

"እትዬ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፤ ይሄ እርጅና አይመስለኝም" አልኳቸው።

በዚህ ነገር አቋሜ የጸና ነው። ፕሮሰሰር ዕድሜው ስለገፋ ብቻ ፍጥነቱ አይቀንስም። ያኔ 2.4 ጊጋኸርዝ የነበረው ዛሬም ያው ነው፣ ሶፍትዌሩም ያው የድሮው ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ከዛሬዎቹ ቢያንስ የሚጠበቅ ነው፤ ከራሱ ከትናንቱ ካነሰ ግን የሆነ ነገር ሆኗል፣ ያም ነገር ከተፈለገ ይገኛል። ዕቃ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ኮምፒውተሩ በቆመባት በዚያች ቅጽበት ምን እየጠበቀ ነው የሚለው ነው።

ምንም ከመንካቴ በፊት ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ኮፒውን ወሰድኩ። ይሄን መዝለል አይቻልም፤ ድራይቨሩና ሶፍትዌሩ ዛሬ ቢጠፉ ከየትም አይመጡም። የመጀመሪያው ፍንጭም እዚሁ ተገኘ። ዲስኩ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ፈጣን ነበር፤ ያለ ምንም ችግር ተነበበ። ስለዚህ ችግሩ ዲስኩ ውስጥ ሳይሆን ከዲስኩ ወደ ፕሮሰሰሩ ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ወደ ቦታው መልሼ አስነሳሁትና ትልቅ ፋይል እያስገለበጥኩ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ግራፉ ጣሪያ ነክቷል። ከፕሮግራሞቹ ዝርዝር ውስጥ ግን ፕሮሰሰሩን የያዘ አንድም የለም። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ከቪው ሜኑ ውስጥ ሾው ከርነል ታይምስ የሚለውን ምረጡ። ግራፉ ላይ ቀይ መስመር ይጨመራል፤ ዊንዶውሱ ራሱና ድራይቨሮቹ የሚወስዱትን ጊዜ የሚያሳየው እሱ ነው። የእኛው ቀይ መስመር ከላይ ተሰቅሎ ነበር። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ የተያዘው በፕሮግራም ሳይሆን መረጃ በማመላለስ ነው።

ዲቫይስ ማናጀር ገብቼ የፕራይመሪ አይዲኢ ቻናልን፣ ማለትም ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር፣ አድቫንስድ ሴቲንግስ አየሁ። የተፈቀደው ዲኤምኤ ነው፣ በተግባር እየሠራ ያለው ግን ፒአይኦ።

ሁለቱም መረጃ ከዲስክ የሚጓጓዝባቸው መንገዶች ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። በዲኤምኤ መረጃውን ከዲስክ ወደ ራም የሚያስገባው መቆጣጠሪያው ቺፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ሰጥቶ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። በፒአይኦ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ ሁለት ሁለት ባይት እያነሳ ያጓጉዛል። ፈጣኑ የተለመደ ፒአይኦ፣ ሞድ 4 የሚባለው፣ በወረቀት ላይ እንኳ በሴኮንድ ከ16.7 ሜጋባይት አያልፍም። አልትራ ዲኤምኤ ሞድ 5 ደግሞ እስከ 100 ሜጋባይት ያስተላልፋል። ማውሱ ለምን እንደሚቆም፣ ልኬቱም ለምን እንደሚቋረጥ አሁን ግልጽ ሆነ፤ ፕሮሰሰሩ ፋይል ሲሸከም የመሣሪያውን መረጃ የሚቀበልበት ጊዜ አልነበረውም። ራም መጨመሩ ያልረዳውም ለዚህ ነው።

ወደዚህ ያወረደው ራሱ ኤክስፒ ነው። በዲኤምኤ ሲሠራ የማስተላለፍ ስህተት ካጋጠመው ይቆጥራል፤ ስህተቱ 6 ሲደርስ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርጋል፣ እንደገና 6 ሲሞላ እንደገና ዝቅ፣ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ፒአይኦ ላይ ያርፋል። ስህተቶቹ በአንድ ቀን መምጣት የለባቸውም፣ በወራት ተጠራቅመውም ቢሆን ያው ነው። ለተጠቃሚው የሚነግረው ነገር የለም፣ ራሱም ተመልሶ ከፍ አይልም። አሳቢነቱ ይገባኛል፣ መረጃ ከሚበላሽ ይዘግይ ነው። ግን ዝም ብሎ ማድረጉ ስንቱን ደህና ኮምፒውተር አርጅቷል አስብሎ እንዳስጣለ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ታዲያ ስህተቱ ከየት መጣ? ዲስኩ ስማርት በሚባለው ራሱን መከታተያ ሥርዓት የሚመዘግባቸውን ቁጥሮች አየሁ። የተበላሹ ሴክተሮች ቁጥር ዜሮ ነው። የአልትራ ዲኤምኤ ሲአርሲ ስህተት የሚለው ግን ከፍ ብሏል። ሲአርሲ የሚቆጠረው መረጃው በኬብሉ ላይ ሲያልፍ ሲበላሽ ነው። ካሳው ውስጥ ስመለከት ጠፍጣፋው ኬብል ከሲዲ ድራይቩ ሥር በኃይል ታጥፎ ተጨፍልቋል።

ኬብሉን ባለ 80 ሽቦ በሆነ አዲስ ቀየርኩት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፤ ባለ 40 ሽቦውም ይገባል፣ ግን በእሱ ከአልትራ ዲኤምኤ ሞድ 2፣ ማለትም በሴኮንድ ከ33 ሜጋባይት በላይ መሄድ አይቻልም። ሰማያዊው ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ጥቁሩ ዋናው ዲስክ ላይ ይሰካል። ኬብል መቀየር ብቻውን ግን ዲኤምኤን አይመልስም፣ ዊንዶውሱ የድሮውን ውሳኔ አልረሳም። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቻናሉን አንኢንስቶል አድርጎ ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሲነሳ ቻናሉን እንደ አዲስ ያገኘዋል። አገኘውም፤ አልትራ ዲኤምኤ ሞድ 5 አለ።

ልዩነቱን ለማየት መለኪያ አላስፈለገም። ዊንዶውሱ ቶሎ ገባ፣ ፋይል እየተቀመጠ ማውሱ እንደልቡ ሄደ። እትዬ አንድ ሙሉ ልኬት አስጀምረው እስኪያልቅ አጠገቡ ቆመው ተመለከቱ። ሳይቋረጥ አለቀ። "ኧረ እንዲህ ነበር እንዴ ድሮም!" አሉ። አዎ፣ ድሮም እንዲህ ነበር።

ካሳው ከተከፈተ አይቀር የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ አቧራ አጸዳሁ፣ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባትም ቀየርኩ። ፔንቲየም 4 ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ሥራውን ይቀንሳል፣ ይህም እንደ እርጅና የሚታይ ሌላ ነገር ነው። የማዘርቦርዱን ሲአር2032 ባትሪም ለወጥኩ። ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ነቀልነው፤ የኤክስፒ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 አብቅቷል፣ ለዚህ ሥራ ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ያላደረግኳቸውም አሉ። ሬጅስትሪ (የዊንዶውሱን የቅንብር መዝገብ) አጽጂ የሚባሉትን ፕሮግራሞች አልጫንኩም፤ ፍጥነት ሲጨምሩ አይቼ አላውቅም። የፕሪፌች ፎልደርን አጥፉ የሚለውን ምክርም አልተከተልኩም፤ ዊንዶውሱ ፕሮግራም ቶሎ ለመክፈት የሚጠቀምበት ስለሆነ ማጥፋቱ ቀጣዩን አከፋፈት ያዘገያል። ራሙ እንዳለ ቀረ፣ በዚህ ማሽን ላይ ጉዳት የለውም። ሁልጊዜ እንዲህ እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የኢንቴል 430ቲኤክስ ቺፕሴት በካሽ፣ ማለትም ከራም በሚፈጥነው ትንሽ ማህደር፣ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን 64 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ በእሱ ላይ ከዚያ በላይ የጨመረ ሰው ኮምፒውተሩ ሲብስበት ሊያይ ይችላል።

የሲአርሲውን ቁጥር ማስታወሻ ላይ አስፍሬዋለሁ። ካልጨመረ ኬብሉ ነበር ማለት ነው፤ ከጨመረ ማዘርቦርዱን እጠረጥራለሁ። እስካሁን አልጨመረም። ዲስኩ የሞተ ቀን ደግሞ ኮፒውን አይዲኢ አስማሚ ባለው ኤስኤስዲ ላይ እጭናለሁ። ያኔ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍል) ቀድሜ በአዲስ ዊንዶውስ ማዘጋጀት አለብኝ፤ ኤክስፒ ከሴክተር 63 ላይ ስለሚጀምር ከኤስኤስዲ አሠራር ጋር አይገጥምም። የተሰረዘው ቦታ የቱ እንደሆነ ለኤስኤስዲው የሚነግረውን ትሪም የሚባል ትእዛዝም ኤክስፒ ስለማያውቀው ከዲስኩ የተወሰነውን ባዶ እተዋለሁ።