ጳጉሜን 1፣ በኢሲስ ደጅ

ፊላይ በግብፅ፣ አባይ ላይ ያለች ደሴት ናት፤ ያለ ጀልባ አይደረስባትም። ከአስዋን በስተደቡብ ካለው ወደብ ጀልባ ተከራይተን ተነሳን። ወሩ ጥር ስለነበር ፀሐዩ አይከብድም። ጀልባ ነጂው ኑቢያዊ ጎልማሳ ነው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ሐበሻ ነኝ» ስለው ሳቅ አለና በጣቱ ወደ ውሃው ጠቆመኝ። ነገሩ ገባኝ።

የድሮዋ ፊላይ ዛሬ ውሃ ውጧታል። ግድቦች ሲሠሩ ቤተ መቅደሱ እንዳይሰጥም ተብሎ ከ1972 እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) ድንጋይ በድንጋይ ተፈታ፤ አጊልኪያ በምትባለው ጎረቤት ደሴት ላይም እንደነበረው ተተከለ። ሥራው የሚደነቅ ነው። እኔ ግን እስከዚያ ድረስ የሄድኩት ለአንድ በር ብዬ ነው።

በሩ በሮማዊው ንጉሠ ነገሥት በሃድሪያኖስ ስም ይጠራል። ኢሲስ ከምትባለው የጥንት ግብፃውያን ሴት አምላክ ዋና ቤተ መቅደስ በስተምዕራብ ይገኛል። አብዛኛው ጎብኚ ትልልቆቹን ዓምዶች ፎቶ አንስቶ ያልፈዋል። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ቀረሁ። የአባይ ምንጭ እዚያ ተቀርጿል። አለት በአለት ላይ ተከምሯል፤ ከአለቱ ሥር ዋሻ አለ፤ ዋሻውን እባብ ዙሪያውን ጠምጥሞታል። ውስጥ የጎርፉ አምላክ ሃፒ ተንበርክኳል። በሁለት እጁ ሁለት ማሰሮ ይዞ ውሃ ያፈሳል።

ታሪኩ ኦሲሪስ የሚባለው አምላካቸው ነው። ወንድሙ ሴተኽ ቀንቶበት ገደለው፤ ሬሳውንም ቆራርጦ በተነው። ሚስቱ ኢሲስ አገር ላገር ዞራ ለቅማ ሰበሰበችው። ግራ እግሩ የተቀበረው ከፊላይ ማዶ በቢጋ ደሴት ነው፤ ጎርፉ የሚፈልቀውም ከዚያ እግር ነው ይሉ ነበር። ካህናቱ በየ10 ቀኑ የኢሲስን ምስል በጀልባ ያሻግሩና ለባሏ መቃብር ወተት ያፈሱ ነበር።

ጎርፉ ግን የእኛ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎጃም፣ ወሎና ሸዋ የዘነበው አፈር ጠርጎ ይወርድና ግድቡ እስኪሠራ ድረስ እዚህ ደርሶ እርሻ ይሆን ነበር። አስዋን ደግሞ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ምድሩ በፀሐይ ተቃጥሎ ሳለ ወንዙ ሞልቶ ከተፍ ይል ነበር። ይህን እያየ የኖረ ሰው «የሞተው ተነሳ» ቢል ምን ይፈረድበታል? ተረት ብለን የምናጣጥለው ነገር ለእነሱ በየዓመቱ በዓይናቸው የሚያዩት ነበር።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። እዚሁ በር ላይ ማንዱሊስ የተባለ የኑቢያ አምላክ ዘውዱን ደፍቶ ተስሏል። አጠገቡ አጭር ጽሑፍ አለ። እስካሁን ከተገኙት የግብፅ ሥዕላዊ ጽሑፎች ሁሉ የመጨረሻው ይኸው ነው። ከ3 ሺህ ዓመት በላይ የኖረ ጽሕፈት እዚህች ግድግዳ ላይ አበቃ። የጻፈው ኔስሜተራኽም የተባለ የኢሲስ ካህን ነው። «ለዘላለም» ይላል ጽሑፉ። ከሥሩ በተራው ሰው ፊደል ቀኑን አስፍሯል፦ የኦሲሪስ ልደት፣ 110 ዓመት። ዓመቱ ከሮማው ንጉሠ ነገሥት ከዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ ጀምሮ የተቆጠረ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ሰማዕታት የምትለው ይህንኑ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ጳጉሜን 1 ቀን 386 ዓ.ም. ይሆናል።

አዎ፣ ጳጉሜን! የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንዲህ ያወራል። የፀሐይ አምላክ ተቆጥቶ የሰማይዋን እመቤት ኑትን «በየትኛውም ወር፣ በየትኛውም ዓመት አትውለጂ» ብሎ ይረግማታል። ጥበበኛው ቶት ከጨረቃ ጋር ዳማ ይጫወታል፤ ረትቶም ከብርሃኗ ላይ ቁራጭ ቁራጭ ይወስድባታል። ከዚያ አምስት ቀን ሠርቶ ከ360ው ቀን ኋላ ይቀጥላቸዋል። ወር ውስጥ የሌሉ ቀናት ስለሆኑ እርግማኑ አያገኛቸውም። በመጀመሪያው ቀን ኦሲሪስ፣ በሁለተኛው ታላቁ ሆረስ፣ በሦስተኛው ሴተኽ፣ በአራተኛው ኢሲስ፣ በአምስተኛው ኔፍቲስ ተወለዱ።

ጳጉሜን 3 ለነሱ የገዳዩ ልደት ስለሆነ ቀኑ ክፉ ነበር። እኛ ዘንድ ሩፋኤል ነው። ልጆች ሆነን በዚያ ቀን ዝናብ ከጣለ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያልን ራቁታችንን እንወጣ ነበር። ቀኑ አንድ፣ ትርጉሙ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ!

ካህኑ ያን ሲቀርጽ አክሱም ክርስትናን ከተቀበለች ቆይታለች። ኢዛና ገና ሳይጠመቅ ባስቀረጸው ድንጋይ ግን ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል። በግሪክኛው ማሕረም አሬስ ሆኗል፤ የግሪኮቹ የጦር አምላክ። አማልክት እንዲህ ነበሩ፤ ድንበር ሲሻገሩ ስም ይቀይራሉ፣ ሥራቸውን ግን አይለቁም።

የፊላይ ካህናት ሌላ ቦታ ሁሉ ከተዘጋ በኋላም ብዙ ቆይተዋል። በ6ኛው መቶ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ዩስጢንያኖስ ቤተ መቅደሱን አዘጋባቸው። ክርስቲያኖች ገብተው አዳራሹን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። በአማልክቱ መሀል የቀረጿቸው መስቀሎች ዛሬም ይታያሉ። አምስቱን ቀናት ግን አልነኳቸውም። ኮፕቶች እስከ ዛሬ «ትንሿ ወር» እያሉ ይቆጥሯቸዋል፤ ሲያልቁም ከእኛ እኩል አዲስ ዓመት ያከብራሉ።