የእማማ አጥንትና የቡናው ቄጠማ

እማማ 81 ዓመታቸው ነው፤ ሐዋሳ እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። አምና ከሶፋ ተነስተው ሚዛናቸውን ሳቱና መልሰው ቁጭ አሉ፣ በቃ ይኸው ነው፣ አንዱ የጀርባ አጥንታቸው ተሰበረ። ሐኪሙ የአጥንት መሳሳት ነው አሉን። ቁመታቸው ማጠሩ፣ ጀርባቸው መጉበጡ ያን ጊዜ ነው የገባን። እርጅና ነው ብለን አልፈነው ነበር።

አሌንድሮኔት የሚባል ክኒን ታዘዘ፤ 70 ሚሊግራም፣ በሳምንት አንድ ቀን። እኛ እሁድ ጠዋት ከቁርስና ከሻይ ጋር እንሰጣቸዋለን፣ እሳቸው ውጠው ጋደም ይላሉ። ደረቴን አቃጠለኝ ሲሉ ጨጓራ ነው እንላለን። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ!

ስህተታችንን የነገረችን አንዲት ፋርማሲስት ናት። ክኒኑ የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ምንም ሳይቀምሱ፣ ሳይጋደሙ መቆየት ያስፈልጋል። ከምግብ፣ ከቡና ወይም ከካልሲየም ክኒን ጋር ከተዋጠ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ከቁጥር አይገባም። ከተጋደሙ ደግሞ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። ቀና ብሎ መቀመጥ ያቃተው፣ መዋጥ የሚቸግረው ወይም ኩላሊቱ የደከመ አዛውንት ካላችሁ እባካችሁ አስቀድማችሁ ለሐኪም ንገሩ። በመርፌ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒትም አለ።

ምግቡ ብዙም አላስቸገረንም፤ ጎመን፣ ቆጮ፣ የሐይቁ ዓሣ፣ ጠዋት ፀሐይ። በጾም ወተት እምቢ ሲሉ የነፍስ አባታቸውን አስፈቀድን።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ መውደቁ ነው። የሳሳ አጥንት ያላቸው ሰዎች ዳሌያቸው የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ሲወድቁ ነው። እማማ ደግሞ ሌሊት ሁለት ሦስቴ ለሽንት ይነሳሉ፣ ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፣ ቀሚሳቸው ረጅም ነው፣ ጫማቸው ያው የሚያንሸራትተው ሸበጥ። የእንቅልፍና የደም ግፊት ክኒንም አለ፤ ሁለቱም ሲነሱ ሊያንገዳግዱ ስለሚችሉ ሐኪሙ እንደገና እንዲያዩልን አደረግን። አሁን ሌሊት ፖፖው አልጋቸው ሥር ነው፣ መብራቱም አይጠፋም። ሲነቁ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጣሉ። ቀን ቀን ደግሞ ወንበር ይዘው ቁጭ ብድግ እንላለን፣ አብረን።

የከበደን ቄጠማው ነበር። ሲረግጡት እንዴት እንደሚያንሸራትት ታውቃላችሁ። አልጎዝጉዝም ስል እማማ ተቆጡ፤ "ያለ ቄጠማ ምን ቡና አለ ልጄ?" አሉኝ። አሁን ረከቦቱን ጥግ አስጠግተን እዚያው ሥር ብቻ እንጎዘጉዛለን። ከአልጋቸው እስከ ወንበራቸው ያለው መንገድ ባዶ ነው።