ከእግር ሥር የሚጀምር ሕንጻ

ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስንቀርብ አስቀድሞ የሚታየን ጉልላቱ ነው፤ ከሩቅ ቀና ብለን ተሳልመን እንጠጋለን። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ግን ይህን ልማድ ይገለብጠዋል። ዓለቱ ጫፍ ላይ ስቆም ጣሪያው ከእግሬ ሥር ነበር፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎቹም ቁልቁል ታዩኝ። በጠባቡ መውረጃ በዘለቅሁ ቁጥር ሰማዩ እየጠበበ፣ ግድግዳው እየረዘመ መጣ፤ ከታች ስደርስም ቅድም ቁልቁል ያየሁትን ጣሪያ አንገቴን ቀና አድርጌ ፈለግሁት። 12 ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ቁመት ለጆሮ ብዙ ላይመስል ይችላል፤ እኔን ያሳነሰኝ ግን ልኩ ሳይሆን አወራረዱ ነው።

ስሜቱ የመጣው ከአሠራሩ ይመስለኛል። ቤት ከመሠረት ተጀምሮ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጨመረ ይቆማል፤ ቀራጭ ግን እየቀነሰ የሚፈልገውን ያስቀራል። ቤተ ጊዮርጊስን ያነጹት ሰዎች ዙሪያውን ቆፍረው ዓለቱን ነጠሉት፤ ከዚያም ከላይ ወደ ታች እየጠረቡ፣ ውስጡንም እየፈለፈሉ ወረዱ። አንዴ የተነሣ ድንጋይ ተመልሶ አይገባምና እያንዳንዷ የመሮ ምት ፍርድ ነበረች። በቤተ ክርስቲያኑና በዙሪያው ገደል መካከል ያለው ባዶ ስፍራም እንዲሁ የተረፈ ቦታ ሳይሆን እንደ ግድግዳው ሁሉ ተጠርቦ የወጣ ነው፤ እንዲያውም ለእኔ የሥራው ግማሽ እርሱ ነው።

አክሱም ላይ የገጠመኝ የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰው፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት ባለ ብዙ ፎቅ ቤት መስሎ ተቀርጿል፤ በርም መስኮትም አለው፣ ውስጥ ግን የለውም። ሰው ከፊቱ ቆሞ በዓይኑ ብቻ ይገባበታል።

ቤተ ጊዮርጊስም ያንን የአክሱም ጥበብ አልረሳም፤ የታችኞቹ መስኮቶቹ በአክሱም ዘይቤ የተቀረጹ ድፍን ሲሆኑ ብርሃን የሚያስገቡት የላይኞቹ ናቸው። ጫማዬን አውልቄ ከገባሁ በኋላ ከበሩ ራቅ ስል ወለሉ ደብዘዝ አለ፤ ብርሃኑ ከራሴ በላይ፣ ልክ ቅድም ሰማዩ እንደነበረው፣ ከፍ ብሎ ቀረ። ውስጥ ቆሜም ገና እየወረድሁ ያለሁ መሰለኝ።