የቆሻሻ ሰንጠረዥ በለጠኝ

ጎግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚቆጥረው ድረ ገጽ) ላይ የራሴን ገጽ ማየት ሱስ ሆኖብኛል። ማታ ከመተኛቴ በፊት እከፍተዋለሁ። ትናንት 11 ነበር፣ ዛሬም 11 ነው። እዘጋዋለሁ።

11 ኤች-ኢንዴክሴ ነው። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 11 ጊዜ የተጠቀሱ 11 ፔፐሮች አሉኝ ማለት ነው። (ስኮፐስ የሚባለው ሌላ ቆጣሪ ላይ ካያችሁኝማ 9 ነኝ፤ ስኮላር ቸር ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፍም ይቆጥራል።) ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው። እኛ ኬሚስቶችም ተቀበልነው፤ አሁን ሥራ ስትፈልግም፣ ዕድገት ስትጠይቅም፣ የምርምር ገንዘብ ስትለምንም መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

አንድ ሞለኪውል ሠርቼ ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። 23 እርከን አለው። 17ኛው ላይ ፕሮቴክቲንግ ግሩፑን (አንዱን የሞለኪውል ክፍል ለጊዜው እንዳይነካ የሚከልለውን) ላወልቅ ስል ሞለኪውሉም አብሮ ይፈርስብኝ ነበር፣ እዚያ ላይ ብቻ ስምንት ወር ተቀመጥኩ። ያ ፔፐር እስካሁን 9 ጊዜ ተጠቅሷል። ከ9ኙ 4ቱ የጠቀስኩት እኔው ነኝ። ምን ላድርግ?

አሁን ደግሞ ሌላውን ላሳያችሁ። ኮለም ሠርተህ (ውህድህን በሲሊካ ውስጥ አሳልፈህ አጥርተህ)፣ ሟሟውን አትንነህ፣ ናሙናህን የሞለኪውሉን አሠራር በፒኮች የሚያሳይ ኤንኤምአር የተባለ መሣሪያ ውስጥ ትከታለህ። 1.26፣ 2.05 እና 4.12 ላይ ያልጠበቅካቸው ፒኮች ብቅ ይላሉ። ወሽመጥህ ቁርጥ ይላል። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ቀና ብለህ ታያለህ፦ ኤቲል አሲቴት። ሟሟው በደንብ አልተነነም፣ በቃ። 2.17 ላይ አንድ ብቻውን የቆመ ፒክ ካየህ ደግሞ አሴቶን ነው፣ ቱቦውን አጥበህ ሳታደርቀው ቀርተሃል። ሰንጠረዡን ጎትሊብ፣ ኮትልያር እና ኑደልማን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ነው። አንድም አዲስ ሞለኪውል የለበትም። የቆሻሻ ዝርዝር ነው! ግን በሺዎች ጊዜ ተጠቅሷል፣ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንደጠቀስኩት አላውቅም።

ፍላሽ ክሮማቶግራፊም፣ ያ ኮለሙን በፍጥነት የሚሠሩበት ዘዴ፣ ያው ነው። ክላርክ ስቲል እና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 በሦስት ገጽ ጽፈው ጨረሱት። ሟሟውን በአየር ግፊት ሲሊካው ውስጥ ግፋው፣ ነጠብጣብ እየጠበቅክ አትዋል፤ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሦስት ገጽ!

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የክሪስታል ተመራማሪው የሼልድሪክ ነው። ክሪስታል የሚፈቱ (ከክሪስታል የሞለኪውሉን ቅርጽ የሚያወጡ) ሰዎች ሁሉ የሚጠቀሙበትን ሼልኤክስ የተባለ ፕሮግራም ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2008 ጻፈ፣ ፕሮግራሙን የተጠቀመ ይህን ሊጠቅስ ይችላል ብሎም አመለከተ። ሰዉም ጠቀሰ። በዚያ አንድ ፔፐር ምክንያት የመጽሔቱ ኢምፓክት ፋክተር (ፔፐሮቹ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚለካው ቁጥር) ከ2 ገደማ ተነስቶ በ2009 ወደ 50 ተጠጋ። እዚያው መጽሔት ላይ በዚያ ሰሞን ያሳተሙት ሌሎቹስ? እነሱም ሳያስቡት የትልቅ መጽሔት ጸሐፊ ሆኑ።

በተቃራኒው ደግሞ ግሪኛርድን ተመልከቱ። በማግኒዚየም ካርቦንን ከካርቦን ማያያዝን እ.ኤ.አ. በ1900 ነው ያሳየን፤ ዛሬ ግን ግሪኛርድ ሠራሁ ብሎ ወደ ኦሪጅናሉ ፔፐር የሚሄድ የለም። ዲልስ እና አልደርም የ1928ቱ ሥራቸው እንደዚያው ነው። ስማቸው የሪአክሽኑ ስም ሆነ፣ የሪአክሽን ስም ደግሞ ሳይቴሽን ውስጥ አይቆጠርም።

ስለዚህ ቁጥሩ ውሸት ነው አልልም። የሚቆጥረው ግን ስንቱ ሰው እንደተጠቀመበት ነው፣ ልፋትህን አይደለም። የኔን ሞለኪውል ማን ደግሞ ይሠራዋል? ማንም። ፕሮቴክቲንግ ግሩፕ የማያወልቅ ኦርጋኒክ ኬሚስት ግን የለም።

እናም ሰሞኑን 17ኛውን እርከን ለብቻው አውጥቼ እንደ ዘዴ እየጻፍኩት ነው። በ20 ሞለኪውሎች ላይ ሞከርኩት፣ በ14ቱ ሠራ። አለቃዬ 14ቱን ብቻ አስገባ አለኝ። ስድስቱንም ሰንጠረዡ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ፣ አጠገባቸውም ምርት 0 ብዬ ጽፌያለሁ።