ከሜሪደን እስከ ሂንክሊ፦ ቦንቪልን በየተሠራበት ቦታ

የእንግሊዙን ሞተር ሳይክል፣ የትራይምፍ ቦንቪልን ታሪክ በመኪና በአንድ ቀን መዞር ይቻላል። ኮቨንትሪ፣ ሜሪደን፣ ሶሊሀል፣ ሂንክሊ፤ ሁሉም በእንግሊዝ መሃል ተጠጋግተው ያሉ ናቸው። እኔም የሄድኩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኮቨንትሪ ላይ ብዙ የሚታይ የለም። በፕራዮሪ ስትሪት የነበረውን የትራይምፍ ፋብሪካ የጀርመን አውሮፕላኖች በኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት አወደሙት። ዛሬ በዚያ ጎዳና ዓይን የሚገባው አዲሱ ካቴድራል ነው። ግን ዘሩ ከዚህ ነው። የትራይምፍ ነዳፊ ኤድዋርድ ተርነር በ1937 ያወጣው ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል፣ ስፒድ ትዊን፣ 498 ሲሲ ነበር፤ ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ወጥተው አብረው ይወርዳሉ፣ እሳቱ ግን በየተራ ነው። በዚህ አሠራር ማቀጣጠሉ እኩል ይከፋፈላል፣ ነዳጅ አሰጣጡም ይቀላል። ዋጋው ንዝረት ነው። ሁለት ፒስተን በአንድ አቅጣጫ ሲወረወር የሚመክተው ስለሌለ እጀታው፣ የመብራቱ አምፖል፣ የታንኩ ማሰሪያ ሁሉ ይመታል። ከዚህ በኋላ የመጣው ማሻሻያ አብዛኛው የአንድ ብልሽት መልስ ነው፤ ሞዴሎቹን በዚህ ዓይን ማየት ከስም ዝርዝር የበለጠ ያስተምራል።

ወደ ሜሪደን የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። በመንደሩ መሃል የቆመው የድንጋይ መስቀል በአካባቢው ልማድ የእንግሊዝ እምብርት ይባላል። ፋብሪካው ከ1942 እስከ 1983 እዚህ ሠርቶ፣ በማግሥቱ ዓመት ፈርሶ ቦታው መኖሪያ ሰፈር ሆነ። የመንገዶቹን ስም ሲያነቡ ግን ልብ ይነካል፦ ቦንቪል ክሎዝ፣ ዴይቶና ድራይቭ። ቦንቪል የሚለው ስም የመጣው ከአሜሪካው የዩታ ጨው ሜዳ ነው። አሜሪካዊው አሽከርካሪ ጆኒ አለን በ1956 በ650 ሲሲ የትራይምፍ ሞተር እዚያ በሰዓት ከ214 ማይል በላይ ሮጠ። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ሪከርዱን አላጸደቀውም፤ ፋብሪካው ግን ስሙን ያዘ። የ1959ኙ የመጀመሪያው ቦንቪል፣ ቲ120፣ 649 ሲሲ፣ ሁለት የአማል ካርቡራቶር፣ 46 የፈረስ ጉልበት ይዞ ወጣ።

ሶሊሀል ያለው ብሔራዊ የሞተር ሳይክል ሙዚየም ዋናው ማረፊያዬ ነበር። በ2003 ክፉኛ ተቃጥሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞተር ሳይክሎች ወድመውበት ነበር፤ እንደገና መቆሙ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ የሚጠቅመው ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ለየብቻ ከሆኑ ከ1963 በፊት የተሠራ ነው። ከ1963 ጀምሮ በአንድ ቤት ተዋሃዱ፤ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) በሲሊንደሮቹ መሃል ጠበቅ ብሎ እንዲቀመጥም ዘጠነኛ ቡሎን ተጨመረለት። የዘይት ጋኑ በጎን ካልታየ 1971 ወይም ከዚያ በኋላ ነው፤ ዘይቱ ሻሲው ቱቦ ውስጥ ገብቷል። የዚያን ዓመት መቀመጫ እጅግ ከፍ በማለቱ አጭር ሰው እግሩ መሬት አይደርስም ነበር። በ1973 744 ሲሲ የሆነው ቲ140 ተከተለ፤ ከፊት የዲስክ ፍሬን፣ በቪ ዓይነቱ ደግሞ አምስት ማርሽ ይዞ። የማርሽ መቀየሪያው በቀኝ ከሆነ ከ1976 በፊት ነው፤ በግራ ያዞረው የአሜሪካ ሕግ ነው።

ሊገዛ ላሰበ ሰው ከቀለምና ከክሮም በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን ግፊት ወደ ሽክርክሪት የሚለውጠው ዘንግ) ውስጥ ያለው የጭቃ ማጠራቀሚያ ቱቦ መቼ ተጸዳ? የሜሪደን ሞተር ዘይቱን የሚያጣራው በሽቦ ወንፊት ብቻ ስለሆነ፣ ደቃቁን ቆሻሻ ክራንኩ በሽክርክሪት ኃይል ወደ ቱቦው ግድግዳ ይወረውረዋል። ከዓመታት በኋላ ጥቁር፣ እንደ ሰም የጠነከረ ጭቃ ይሞላል። የዘይቱ ቀዳዳ ሲዘጋ የቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ኩሽኔታ ይደርቃል፣ ሞተሩ ይነክሳል። ለማጽዳት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። የቱቦውን አፍ የዘጋው ቡሽ እንዳይፈታ ጠርዙ በነጥብ ስለተመታ መጀመሪያ ያንን መሰርሰር፣ ከዚያ ሙቀት ሰጥቶ መፍታት ነው። ክራንኩ ላይ ያለውን ከባድ ጎማ (ፍላይዊል) ከሚያስሩት ሦስት ቡሎኖች አንዱ ቱቦውን ሰንጥቆት ስለሚያልፍ፣ ያ ሳይወጣ ቱቦውን መጎተት ያበላሸዋል። ሲመለስ አዲስ ቡሎን ይገባል፤ ማጥበቂያው 45 ኒውተን ሜትር ነው።

ሌላው የተለመደ ችግር ቆሞ የሰነበተ ሞተር ዘይቱን ወደ ታች ማውረዱ ነው። ሲነሳ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በዘይት ፓምፑ ኳስ ሥር የተቀረቀረ ቆሻሻ ነው፤ ሁለቱን ቡሽ ፈትቶ ሞላውንና ኳሱን አውጥቶ መቀመጫውን ማጽዳት በቂ ይሆናል። የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር በስፔሶር (በስስ የብረት መለኪያ) ይለካል፦ ለቲ120 ማስገቢያው 0.05፣ ማስወጫው 0.10 ሚሊ ሜትር፤ ለቲ140 ደግሞ 0.20 እና 0.15። የአንዱን ቁጥር ለሌላው መጠቀም አይገባም፤ ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቭ ሊያቃጥል ይችላል። የሚሊ ሜትር መፍቻም ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ ዳዶዎቹ በኢንች ልክ ስለሆኑ ጠርዛቸውን ያከባል።

የሜሪደን ሠራተኞች በ1973 ፋብሪካውን ይዘው ከ1975 ጀምሮ በኅብረት ሥራ ማኅበር አንቀሳቀሱት፤ በ1983 ሲዘጋ ስሙን ነጋዴው ጆን ብሉር ገዝቶ አዲስ ፋብሪካ ሂንክሊ ላይ ሠራ። ለዚህ ነው ጉዞው ሂንክሊ የሚያበቃው። የጎብኚዎች አዳራሹን ማየት ቀላል ነው፤ የማምረቻውን ክፍል ለመጎብኘት ግን አስቀድሞ ቦታ መያዝ ይገባል። ቦንቪል በ2001 ሲመለስ 790 ሲሲ ነበር፤ ፒስተኖቹ እንደ ጥንቱ አብረው ይሄዳሉ፣ ንዝረቱን ግን ማመጣጠኛ ዘንጎች ይውጡታል። በኋላ 865 ሲሲ ሆነ። ካርቡራቶር በኢንጀክሽን ሲተካ የአየር ማስገቢያውን አካል ካርቡራቶር አስመስለው ሠሩት፤ ቀረብ ብሎ ላላየው አይለይም። በ2016 የመጣው 1,200 ሲሲ ሞተር በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ራዲያተሩ ከፊት በሻሲው ቱቦዎች መሃል ጠብቦ ተቀምጧል። የክራንኩ ማዕዘን ፒስተኖቹ አብረው ከሚሄዱበት 360 ወደ 270 ዲግሪ ስለተቀየረ ድምፁ የተንገጫገጨ፣ ጉልበቱም ከታች የሚነሳ ነው፦ 105 ኒውተን ሜትር በ3,100 ዙር። ዘይቱን የሚያጣራው ተፈትቶ የሚጣል ፊልተር ነው፤ ሰርቪሱም በየ16,000 ኪሎ ሜትር ነው። የሜሪደኑ ባለቤት ግን ዛሬም በየ2,400 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ይቀይራል፣ ወንፊቱንም አውጥቶ ያጥባል።