አንድ መዝሙር፣ አርባ ጠዋት

ዳዊት መድገም፣ መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ ከፍሎ ማንበብ፣ የጀመርኩት ልጅ ሳለሁ ነው። የማክሰኞውን፣ ከ31 እስከ 60 ያለውን፣ በአንድ ትንፋሽ እወጣው ነበር። 50ኛው መዝሙርም እዚያው መሀል ነው። «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» እያልኩ አልፈዋለሁ፤ አፌ ይላል፣ ልቤ የለበትም።

ታናሽ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት እየሠራች «አስቀምጥልኝ» ብላ የላከችውን ገንዘብ ሱቅ ከፈትኩበትና ከሰርኩ። በደወለች ቁጥር «አለ፣ አታስቢ» እላታለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ዋሸኋት። እንቅልፍ ሲነሳኝ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። እሳቸውም አርባ ቀን ሌላውን ትቼ 50ኛውን ብቻ፣ ያውም ቀስ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ፣ ድምፅ አውጥቼ አነባለሁ። አንድ ቃል ከያዘኝ እዚያው እቆማለሁ፤ የቀረው ለነገ ይደርሳል። መጀመሪያ የያዘኝ «አንተን ብቻ በደልሁ» የሚለው ነው። ደስ አለኝ። ነገሩ በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ከሆነ ለእህቴ መንገር ምን ያስፈልጋል? ይህንኑ ለአባ ስነግራቸው «ልጄ፣ አርእስቱን አንብበኸዋል?» አሉኝ። አላነበብኩትም። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በመጣ ጊዜ ይላል። ናታን የመጣው በኦርዮ ምክንያት ነው፤ ዳዊት ሚስቱን ወስዶ እሱን አስገድሎታል። ዳዊት ኦርዮን ይቅር በለኝ ሊለው አይችልም፣ ሞቷል። የእኔዋ ግን በሕይወት አለች። ብቻዬን ባነብ ኖሮ መዝሙሩን መሸሸጊያ አደርገው ነበር።

ከዚያ በኋላ «ፊት» የሚለውን ቃል ተከተልኩ። «ኃጢአቴም ሁልጊዜ በፊቴ ነውና» የሚለው የእኔው ሌሊት ነው። ወረድ ብሎ «ከኃጢአቴ ፊትህን መልስ» ይላል፤ ጥቂት አልፎ ደግሞ «ከፊትህ አትጣለኝ»። ዳዊት በደሉ እንዳይታይ፣ እሱ ግን እንዲታይ ይለምናል! እኔ ሁለቱን ለይቼ አላውቅም፤ በደሌንና ራሴን አንድ አድርጌ ነበር ከሰው የምሸሸው። እዚህ ላይ ሳምንት ቆየሁ። አለቀስኩ። ደረቴ ላይ የተጫነኝ ተነሣልኝ፣ ገና ማንም ይቅር ሳይለኝ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ደወልኩላት። ሰምታኝ ስልኩን ዘጋችው። በማግስቱም ተነሥቼ አነበብኩ፤ አዝኛለሁ እንጂ አልሸሸሁም። ከሳምንት በኋላ ራሷ ደውላ «ጋሼ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ መልስልኝ» አለችኝ።

በየወሩ እየመለስኩላት ነው። ማክሰኞ 50ኛው ላይ ስደርስ ከአርእስቱ ጀምሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ።