አሮጌውን ሸራ ሳታዩ አትጣሉት፦ የፍሬን ሸራ ቤቴ ስቀይር የተማርኩት

ፍሬን ስይዝ ከፊት ጎማ በኩል ቀጭን ጩኸት መስማት ጀመርኩ። ሸራ ማለት ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን የብረት ሳህን፣ ዲስኩን፣ ከሁለት ወገን ጨምቆ የሚያቆመው ነው። ብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እየነካች ትጮሃለች፤ ሥራዋ ማስጠንቀቅ ነው። ጩኸቱ ወደ ብረት መፋጨት ከተቀየረ ግን ዲስኩም አብሮ እየተበላ ነው፤ እዚያ ድረስ መጠበቅ ኪሳራ ነው።

በቸርኬው ክፍተት ባትሪ አብርቼ አየሁት። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ መቀየር አለበት። የእኔ ከውጭ ሲታይ ገና ብዙ የሚሄድ ይመስላል። ታዲያ ለምን ይጮሃል? መልሱን ያገኘሁት ስፈታው ነው።

መኪናዋን ሜዳ ቦታ አቆምኩ፣ የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ ለኋላ ጎማዎች ታኮ አደረግኩ። የጎማውን ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እያለ አላላኋቸው። ከዚያ በክሪክ አንስቼ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ከስር አስገባሁ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር እጅም እግርም አይገባም።

የካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል፣ ቡሎኖች ፈትቼ በሽቦ አንጠለጠልኩት። በፍሬን ቱቦው እንዲንጠለጠል መተው ቱቦውን ይጎዳዋል። ሌላኛውን ጎማ አልነካሁም። አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ጥሩ ነው፤ የቱ ክሊፕ የት እንደነበር ሲጠፋችሁ ያልተፈታውን ታያላችሁ። የግራና የቀኙ ግን ሁለቱም መቀየር አለባቸው፤ አለበለዚያ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሊጎትት ይችላል።

አሮጌዎቹን ሸራዎች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የውጪው ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ የውስጠኛው አልቆ ብረቱ ሊወጣ ነው። ለእኔ የሥራው ሁሉ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ካሊፐሩ ውስጥ ያለው፣ በፍሬን ዘይት ግፊት የሚወጣው ፒስተን በቀጥታ የሚገፋው የውስጠኛውን ሸራ ነው። ከዚያ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጪውን ሸራ ወደ ዲስኩ ይስበዋል። ፒኖቹ ደርቀው ከያዙ ካሊፐሩ አይንቀሳቀስም፤ ሥራው ሁሉ በውስጠኛው ላይ ይወድቃል። ሳወጣቸው አንደኛው ፒን ደርቆ ዝጓል። ሸራውን ብቻ ቀይሬ ብዘጋው ኖሮ አዲሱም እንደዚሁ በአንድ ወገን ያልቅ ነበር።

ፒኖቹን አጽድቼ ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ቀባኋቸው። ተራ ግራሶ አይሆንም፤ የፒኖቹን የላስቲክ ሽፋኖች ያሳብጣቸዋል። ሸራው የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኳቸው። አዲሱ ሸራ በእጅ ሲገፋ ያለ ትግል መንሸራተት አለበት፤ በመዶሻ የሚገባ ከሆነ ገና ዝገት ቀርቷል ማለት ነው። አቧራውን በአየር አትንፉት፣ ለሳንባ መጥፎ ነው። በፍሬን ማጽጃ አርጥባችሁ ጥረጉት። የዲስኩንም ውፍረት ለኩት። ዝቅተኛው ልክ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል።

ፒስተኑን ከመግፋቴ በፊት የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፈትኩ። ፒስተኑ ሲመለስ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሞልቶ ከፈሰሰ ቀለም ይልጣል። አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ላይ አስደግፌ በእጅ ሞርሳ ቀስ እያልኩ ገፋሁት። ይሄ የፊት ፍሬን ነው። የኋላው ላይ ብዙ ጊዜ ፒስተኑ እየተሽከረከረ ነው የሚገባው። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሞተር ለጥገና እንዲለቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በጉልበት ከገፋችሁት ይሰበራል።

ሁሉም ተገጥሞ ዳዶዎቹ በተቃራኒ በተቃራኒ ከጠበቁ በኋላ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩ። የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው፤ ፔዳሉ ወለል ሊነካ ይችላል። እስኪጠነክር ሳትረግጡ ማርሽ አታስገቡ።

ከዚያ ሸራውና ዲስኩ መላመድ አለባቸው። ባዶ መንገድ ላይ በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ፣ ሳላቆማት፣ ወደ 10 እስክትወርድ በመጠኑ ፍሬን ያዝኩ፤ ደጋገምኩት። መጨረሻ ላይ ፍሬን ሳልይዝ ትንሽ ነዳኋት፣ እንዲቀዘቅዝ። የግድ ካልሆነ በቀር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ድንገተኛ ፍሬን ባትይዙ ጥሩ ነው።

አሁን ጎማ በፈታሁ ቁጥር ካሊፐሩን በእጄ ወዝወዝ አደርገዋለሁ፤ ፒኖቹ መያዝ ከጀመሩ ያኔ ይታወቃል። የፍሬን ዘይቱንም በየ2 ዓመቱ ገደማ እቀይራለሁ። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይት ዓይነቶች ከአየር እርጥበት ይስባሉ። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው ግን ልኩ እስከ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ፣ ሸራው አዲስ ቢሆንም ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።